«ሁለቱም ጆሮ አልፏል»፦ ቤት የተወለደው የእህቴ ልጅ የመስማት ምርመራ

የእህቴ ልጅ ሁለት ወር ሲሆነው ጆሮውን አስመረመርነውና «ሁለቱም ጆሮ አልፏል» የሚል ወረቀት ተሰጠን። ወረቀቱ ውሸት አልነበረም። ማሽኑም አልተበላሸም። ልጁ ግን በደንብ አይሰማም ነበር።

ይሄ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለውን ከሥሩ ጀምሬ ልጻፈው። ቤት የወለደች እህት ወይም ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ እንዲያነበው እፈልጋለሁ። እህቴ ጻፊው ብላኛለች፤ የሰውም ሆነ የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም ግን አልጠራም።

እህቴ ኑሮዋ አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ እንደ ወጉ ለመውለድ እናታችን ቤት ሄደች፤ ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ገጠር። ቤት ልውለድ ብላ አይደለም። የእርግዝና ክትትሏን አንድም ቀን አላጓደለችም፤ ቀኗ ሲቃረብ ጤና ጣቢያው ግቢ ካለው የእናቶች ማቆያ ልትገባም ተነጋግራ ነበር። ምጡ ግን በአሥራ አምስት ቀን ቀደመ። ሐምሌ ነው፣ ሌሊት ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል። አምቡላንስ ተደወለ፤ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል ተባለ። እሱ እስኪመለስ ልጁ አልጠበቀም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተወለደ። ያዋለዱት የጎረቤት እናት ናቸው፤ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ እትብቱን በአዲስ ምላጭ ቆርጠው። ልጁ ወዲያው አለቀሰ። ሰባት እልልታ ተባለለት፣ ገንፎው ተገነፋ፣ በነጋታው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ሰው ቤቱን ሞላው።

እንዲህ የወለደችው እሷ ብቻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በኢትዮጵያ ከተወለዱት ሕፃናት በጤና ተቋም የተወለዱት 48 በመቶ ናቸው ይላል። በ2016ቱ ጥናት 26 በመቶ ነበር። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ያኔ ገና ግማሽ ያህሉ ሕፃን ቤት ይወለድ ነበር ማለት ነው።

ቤት መውለድ ከሚያስቀራቸው ነገሮች አንዱ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እናትና ልጅ ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋም እንዲቆዩ ይመክራል። በዚያ ጊዜ ሕፃኑን የሚያገላብጥ፣ ቆዳውንና ዓይኑን የሚያይ ባለሙያ አለ። የእኛን ልጅ ያየው ግን ለጥየቃ የመጣው እንግዳ ነበር፤ እንግዳ ደግሞ «ሲያምር!» ነው የሚለው።

በሦስተኛው ቀን የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። በአራተኛው ቀን ደረቱም ቢጫ ሆነ። እማዬ «ፀሐይ ይሙቅ» አለች፤ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ከተገኘ ነው እንግዲህ። ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር በር ላይ ታወጣዋለች። እሷን አልወቅስም፤ አምስታችንንም እንዲሁ ነው ያሳደገችን። ልጁ ግን እየፈዘዘ ሄደ። ጡት ሲሰጡት ሁለት ሦስቴ ይስብና ይተኛል። በስድስተኛው ቀን ጭራሽ አልጠባም አለ። ያኔ ነው ይዘውት ወደ ሆስፒታል የሮጡት።

ደሙ ሲታይ ቢሊሩቢኑ 26 ሆነ። ቢሊሩቢን ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ የሚወጣ ቢጫ ነገር ነው። የጨቅላ ጉበት ገና ስላልጠነከረ ቶሎ አያስወግደውም፤ ብዙ ሕፃናት በሁለተኛና በሦስተኛ ቀናቸው ቢጫ የሚሉት ለዚህ ነው፤ አብዛኛውም በራሱ ይለቃቸዋል። የእኛው ግን የእናቱ ደም ኦ፣ የእሱ ቢ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን የእናት ደም ውስጥ ያለው መከላከያ የልጁን ቀይ ሴል ሊያፈርሰው ይችላል። ቢሊሩቢኑ ከልክ ሲያልፍ ወደ አእምሮ ይገባል። እዚያ ቶሎ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ከጆሮ ወደ አእምሮ የሚሄደው የመስሚያ መስመር ነው። እኛ ይህን የሰማነው ከወራት በኋላ ነው።

ልጁ መብራት ስር ተኛ። ዓይኑ ተሸፍኖ፣ በዳይፐር ብቻ፣ ሰማያዊው ብርሃን ላዩ ላይ። ኢንፌክሽንም ተጠርጥሮ ስለነበር አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ለሰባት ቀን ተሰጠው። ጄንታማይሲን የብዙ ጨቅላ ነፍስ ያተረፈ መድኃኒት ነው፤ የእኛንም ልጅ ሳያተርፈው አልቀረም። የውስጥ ጆሮን ሊጎዳም ይችላል፤ ስለዚህ ከአምስት ቀን በላይ የወሰደ ሕፃን መስማቱን መከታተል ያስፈልጋል። የሐኪሞቹ ጥረት ልጁን ማዳን ነበር፣ አዳኑት። የመውጫ ወረቀቱ ላይ ቢሊሩቢኑም፣ መድኃኒቱም፣ ቀኑም ተጽፏል። ስለ ጆሮ አንድም ቃል የለም። እህቴ ወረቀቱን አራት አጠፈችና የክትባት ካርዱ ውስጥ ከተተችው። ያቺ እጥፋት ኋላ ታስፈልገናለች።

ልጁ ጡቱን መሳብ ጀመረ፣ ወፈረ፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ሁላችንም ጉዳዩ አለቀ ብለን ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ሜሪላንድ ያለችው የአክስታችን ልጅ ናት። ለክርስትናው «እንኳን ደስ አላችሁ» ልትል ደውላ፣ ወሬ መሀል «ጆሮውስ ተመረመረ?» አለች። እዚያ ልጆቿን ስትወልድ ከሆስፒታል ሳይወጡ ጆሯቸው ተፈትሾ ነው የሄዱት። ቤቷ የወለደች ጓደኛዋን እንኳን አዋላጇ ናት ለዚህ ምርመራ የላከቻት። እዚያ የሚሠሩበትን ቁጥርም ነገረችን፤ አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት። ሕፃን በአንድ ወሩ ጆሮው ይፈተሻል፣ ችግር ከተጠረጠረ በሦስት ወሩ ምንነቱ ይለያል፣ በስድስት ወሩ እርዳታ ይጀመራል። የእኛው አንድ ወር አልፎታል።

ቤት ውስጥ የነበረው መልስ «ይሰማል እኮ!» ነበር። «በር ሲዘጋ ይነቃል።» «ስጠራው ያየኛል።» እኔም ራሴ ፈትሼዋለሁ። እህቴ አዲስ አበባ እንደተመለሰች አንድ ቀን ጧት ተኝቶ ሳለ ከአልጋው አጠገብ ሁለት የድስት ክዳን አጋጨሁ። እጆቹን ዘረጋ፣ ዓይኑን ገለጠ። «ይኸው!» ብዬ ለእህቴ ነገርኳት። ያን ዕለት ለሳምንታት የሚበቃ መጽናኛ ሰጠኋት፤ መጽናኛው ግን ባዶ ነበር። ክዳን ሲጋጭ ንፋስ አለው፣ አልጋው ይነዝራል፣ ጥላ ያልፋል። በር ሲዘጋም መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ በጣም ኃይለኛ ድምፅ የሚሰማ ልጅ የሰው ንግግር ላይሰማ ይችላል። በጭብጨባና በክዳን ልጅ ይሰማል አይሰማም ማለት አይቻልም። ይህን በትልቁ ብጽፈው ደስ ይለኛል።

የአክስታችን ልጅ ግን አልተወችንም፣ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። ስለዚህ ከእንቁጣጣሽ በኋላ አንድ የግል ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክሊኒክ ወሰድነው። የተሠራለት ምርመራ ኦኤኢ ይባላል። በጣም ቀላል ነው። ለስላሳ ጫፍ ያላት ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ትገባለች፣ ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ ትልካለች፣ የውስጥ ጆሮው ጤነኛ ከሆነ በጣም ደካማ የሆነ ማሚቶ ይመልሳል፣ መሣሪያዋ እሱን ትይዛለች። ልጁ ዝም ካለ ለአንድ ጆሮ ደቂቃ አይሞላም። ጠብቶ በእህቴ እቅፍ ተኝቶ ሳለ አለቀ። ሁለቱም አለፈ። እህቴ አለቀሰች። እማዬ ጋ ተደወለ፣ ስልኩ ውስጥ እልልታ ተሰማ።

ክሊኒኩ ሲመዘግበን ስም፣ ዕድሜና ስልክ ነው የጠየቀው። ባለሙያዋ «ሲወለድ ችግር ነበረው?» ብላ ነበር። እህቴ «ቤት ነው የወለድኩት፣ ግን ወዲያው አልቅሷል፣ ጤነኛ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ጥያቄው ስለ መወለዱ ነበር፤ ስለ ስድስተኛው ቀን አልነበረም። መብራት ስር መተኛቱ ከጆሮ ጋር ይገናኛል ብሎ ማን ያስባል? ሆስፒታል የተወለደ ልጅ ቢሆን መዝገቡ አንድ ቦታ ይገኝ ይሆናል። የእኛው ግን የተወለደው አንድ ቦታ፣ የታከመው ሌላ ቦታ፣ ጆሮው የተፈተሸው ሦስተኛ ቦታ ነው። ሦስቱን የሚያገናኝ ወረቀት በእህቴ ቦርሳ ውስጥ ብቻ ነበር፣ ያውም ታጥፎ።

ወረቀቱን የገለጠችው የክትባት ነርሷ ናት። የአሥር ሳምንቱን ክትባት ለማስወጋት ጤና ጣቢያ ተሰልፈን፣ ተራችን ደርሶ ካርዱን ስትከፍተው እጥፉ ወረቀት ወደቀ። አነሣችና ልትመልሰው ስትል ዓይኗ ቁጥሩ ላይ አረፈ። «ሃያ ስድስት?» አለች። እንደገና አነበበችው። ከኋላችን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሕፃናቱ ያለቅሳሉ፣ እሷ ግን ቁጭ ብላ እስከ ታች አነበበችና «ጆሮውን አስመርምራችኋል?» አለችን። «አዎ፣ አልፏል» አልናት። «በምን?» አለች። መልስ አልነበረንም። ሕፃናት ሐኪም ጋ እንድንሄድ ጻፈችልን። ስሟን ባውቀው እንኳን እዚህ አልጽፈውም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በጸሎቴ አለች።

ሐኪሙ ነገሩን በአንድ አረፍተ ነገር አስረዳን፦ «ኦኤኢ የሚፈትሸው ጆሮውን ነው፤ ከፍተኛ ቢሊሩቢን የሚጎዳው ግን ከጆሮው በኋላ ያለውን መስመር ነው።» እኔ ለቤተሰብ ሳስረዳ የመብራት ቆጣሪ ነው የምለው። ቆጣሪው ይሠራል፣ ይዞራል፣ ያነበበው ሰው ሁሉ ደህና ነው ይላል። ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው ገመድ ግን ተበልቷል፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ኦኤኢ ቆጣሪውን አይቶ ነው «አልፏል» ያለን። ገመዱን የሚያየው ሌላ ምርመራ ነው፣ ኤቢአር ይባላል። ቢሊሩቢኑ በጣም ከፍ ብሎ የነበረና ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሰነበተ ልጅ ከመጀመሪያውም መሠራት የነበረበት ኤቢአር ነው።

ሐኪሙ ያን ቀን አንገቱን፣ የእጅና የእግሩን ጥንካሬም ደጋግሞ ፈተሸ፤ ቢሊሩቢን እንቅስቃሴንም ስለሚጎዳ። እስካሁን በዚያ በኩል ደህና ነው።

ኤቢአር የሚሠራበት ቦታ እንደ ኦኤኢው በየሰፈሩ አይገኝም፣ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ነው። ቀጠሮ የተገኘው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው፤ ልጁ ያኔ ሦስት ወር ተኩል ሆኖታል። ልጁ ጭልጥ ብሎ መተኛት አለበት። ስለዚህ ሌሊቱን እንዳይተኛ በፈረቃ ያዝነው፣ ጧትም ጡት አልሰጠነውም፤ እዚያ ሲደርስ ጠብቶ እንዲተኛ። ታክሲ ውስጥ ዓይኑ ሊከደን ሲል እግሩን በውስጥ እጄ እያሻሸሁ አነቃዋለሁ፣ ያለቅሳል፣ ሾፌሩ በመስታወት ያየኛል። ሌላ ቀን ቢሆን አላደርገውም። ቀጠሮው ከከሸፈ ግን ሌላ ወር ነው።

ክፍሉ ጠባብና ጸጥ ያለ ነው። የመስማት ባለሙያው (ኦዲዮሎጂስቱ) ግንባሩንና ከጆሮዎቹ ኋላ ያለውን ቆዳ በጥጥ ፈተገው፣ ትንንሽ ሽቦ ያላቸው ተለጣፊዎች ለጠፈበት። ጆሮዎቹ ውስጥ ስፖንጅ የመሰለ ነገር አስገባ። እህቴ እያጠባችው ተኛ። ከዚያ መብራቱ ጠፋና ስክሪኑ ብቻ ቀረ። ድምፁ ለእኛ አይሰማም፤ የምናየው መስመር ነው። ጤነኛ ጆሮ ላይ ተራራ ተራራ የሚመስል ማዕበል ይወጣል ብሎን ነበር። እኔ ያየሁት የሚርመሰመስ መስመር ነው። ድምፁን ከፍ አደረገው። ያው ነው። ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ቆየን። ልጁ ከንፈሩ ላይ ወተት ቀርቶ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ እንዲያ ተኝቶ ሳለ፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አልወጣም።

የችግሩ ስም «ኦዲቶሪ ኒውሮፓቲ» ነው። የውስጥ ጆሮው ድምፁን ይቀበላል፣ ወደ አእምሮ የሚሄደው መልእክት ግን የተቆራረጠ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ የሚሰማው ግን ሞገዱ እንደሚመጣና እንደሚሄድ ሬዲዮ ነው። ጫጫታ ባለበት ደግሞ ይብስበታል። «በር ሲዘጋ ይነቃል» ያልነውም ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም ማለት ነው፤ ለዚህ ነው የሚያታልለው።

ባለሙያው አንድ ነገር አጥብቆ ነገረን። በቢሊሩቢን የመጣ ከሆነ በወራት ውስጥ የሚሻላቸው ልጆች አሉ፤ ስለዚህ አንድ ውጤት ይዛችሁ ልጁ ደንቆሮ ነው አትበሉ፣ ይሻለዋል ብላችሁም አትጥፉ። ሁለቱን አብሮ መያዝ ከባድ ነው። ባሏ «ይሻለዋል» የሚለውን ብቻ ያዘ፣ እህቴ ሌላውን። ለሁለት ሳምንት ቤቱ ውስጥ ብዙም አልተነጋገሩም። ከዚያ አንድ ቀን ባሏ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ፊቱን ፊቱ ላይ አስጠግቶ፣ «አባባ፣ አባባ» እያለ ከንፈሩን ሲያሳየው አየሁት።

የካቲት ላይ፣ በሰባት ወሩ፣ ኤቢአሩ ተደገመ። በቀኝ ጆሮ ድምፁ ከፍ ሲል ማዕበሉ ወጣ፤ የዘገየና የደከመ፣ ግን ወጣ። በግራ አሁንም የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ድምፅ ወደመጣበት ዞሮ ሲያይ አሻንጉሊት የሚበራበት ምርመራ ተሠራለት። ለሹክሹክታ አይዞርም። ጠንከር ላለ ድምፅ ይዞራል። ለንግግር ደግሞ አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ስምንት ወር ሲሞላው ለመስማት የሚያግዝ የጆሮ መሣሪያ ለሙከራ ተደረገለት። ለሁሉም የኒውሮፓቲ ልጅ አይሠራም፤ ለእኛ ልጅ የሚጠቅመው መሆኑን በየሦስት ወሩ እያዩ ይወስናሉ። በመጀመሪያው ሳምንት እየነቀለ አፉ ውስጥ ይከተዋል፤ አሁን ጧት ሲደረግለት ጆሮውን ራሱ ያቀርባል።

ቤት ውስጥ የተለወጠው ብዙ ነው። ቴሌቪዥኑ ዝም ብሎ አይከፈትም። ቡና ሲፈላና ሁሉም በአንዴ ሲያወራ ልጁ ፈዝዞ ሲኒውን ብቻ ያይ ነበር፤ አሁን አንድ ሰው ይዞት ጓዳ ይገባና ፊት ለፊት ያጫውተዋል። የምልክት ቋንቋም እየተማርን ነው፤ እህቴ «ጡት»ን፣ «በቃ»ን፣ «ና»ን በእጇ ትለዋለች። አንዳንድ ዘመድ «ምልክት ካስተማራችሁት አፉን አይፈታም» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ባለሙያዎቹም እንዲህ አላሉንም። ልጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቋንቋ ያስፈልገዋል፣ በየትም በኩል ይግባለት። ባለፈው ወር ቂጣ ሲያይ በእጁ «ና» አለው። ቂጣው አልመጣም፣ እህቴ ግን ሮጣ መጣች።

ቤት የወለደች ሴት ምን ታድርግ ለሚለኝ፦ ማንም ጠርቶ ልጅሽን አምጪ አይልሽም፣ ስለዚህ ራስሽ ሂጂ፤ በአንድ ወሩ ቢሆን ጥሩ፣ ካለፈም ዛሬ። ከመሄድሽ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። መቼና የት እንደተወለደ፣ ወዲያው አለቀሰ ወይስ ቆየ፣ ስንት ኪሎ ነበር፣ ቢጫ ሆኖ ነበር ወይ፣ ስንት ቀን፣ ቁጥሩ ስንት ደረሰ፣ በደም ሥር ምን መድኃኒት ለስንት ቀን ወሰደ፣ ትኩሳት ወይም ማንቀጥቀጥ ነበረው ወይ፣ በእርግዝናሽ ጊዜ ሽፍታ ያለው ሕመም ነበረብሽ ወይ፣ በቤተሰብ ከልጅነቱ የማይሰማ ሰው አለ ወይ። ባይጠይቁሽም ስጪያቸው። ከዚያ የተሠራው ኦኤኢ ነው ኤቢአር ብለሽ ጠይቂና በካርዱ ላይ አስጽፊ። ኦኤኢው ካላለፈ ደግሞ ወዲያው አትደንግጪ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ጆሮ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ብቻውን ሊያስወድቅ ይችላል፤ ግን የድጋሚ ምርመራ ቀጠሮ ሳትይዢ አትውጪ።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ደወለች። ከታች መንደር አንዲት ልጅ ቤቷ ወልዳለች፣ ሦስተኛ ቀኗ ነው። እማዬ ልትጠይቅ ሄዳ ሕፃኗን ከጨለማው ቤት በር ላይ አውጥታ የዓይኗን ነጭ አይታለች። ቢጫ ነው። ፀሐይ ይሙቃት አላለችም። በበቅሎ ጤና ጣቢያ ወስደዋቸው፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተልከዋል። አሁን የደወለችው ስም ጠፍቷት ነው።

«ያ ሁለተኛው ምርመራ ማን ነበር የሚባለው? አጠገቤ እስክሪብቶ የያዘ ልጅ ተቀምጧል።»

«ኤ» አልኳት።

«ኤ» ስትለው ይሰማኛል።

«ቢ። አር።»

ልጁ ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቅኳት፣ ከዚያ መልሶ አነበበልኝ።